ለመምህሩ የተጻፈ፣ መምህሩ ጋ ያልደረሰ

ስለ ኢንዶኔዥያ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሚያትቱትን የአገሪቱን የምርምር መጽሔቶች ያገላበጠ ሰው፣ ገና ከማውጫው ሳይወጣ አንድ ዓይነት ርእስ ደጋግሞ ያጋጥመዋል። «የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ግጥም የመጻፍ ክሂል በሥዕል በታገዘ ዘዴ ማሻሻል» የሚል መልክ ያለው ርእስ ነው። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ስም ይመጣል፤ ከዚያ የትምህርት ዘመኑ። ግጥሙን በዜና፣ ሥዕሉን በቪዲዮ፣ ሰባተኛውን በስምንተኛ ክፍል ቢተኩት ሌላ ጽሑፍ ይሆናል። ውስጡም ከርእሱ አይርቅም። መምህሩ በመጀመሪያው ዙር አስተምሮ ይፈትናል፤ አማካይ ውጤቱ ከሚጠበቀው በታች ይሆናል። ዘዴውን አስተካክሎ በሁለተኛው ዙር ይደግማል፤ ውጤቱ ከፍ ይላል። በሁለተኛውም ዙር አልተሻሻለም ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ ማግኘት ግን እጅግ ይቸግራል።

ጥናቱ ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም፤ «አክሽን ሪሰርች» እያሉ የሚሠሩት ነው። ኢንዶኔዥያውያን በምሕጻር «ፔቴካ» ይሉታል። በ2009 የወጣው የመንግሥት መምህራን የደረጃ ዕድገት ደንብ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተወሰነ እርከን በላይ መውጣት ለሚፈልግ መምህር የታተመ ጽሑፍ ወይም የፈጠራ ሥራ ግዴታ አደረገበት። ስለዚህ በአንዲት ደሴት ላይ የሚያስተምር የቋንቋ መምህር ደመወዙ ከፍ እንዲል ከፈለገ፣ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ነገር ወደ ጥናት ለውጦ ማሳተም ነበረበት። ይህን ግዴታ በጥላቻ ብቻ ማየት አይገባም። አንድ አገር ተራውን መምህሩን «አንተም ያየኸውን ጻፍ» ሲለው ትልቅ ክብር ነው። ችግሩ የመጣው «ጻፍ» ሲባል «ለማን?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ባለመጠየቁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ቋንቋው ራሱ የመጣበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጥቅምት 28 ቀን 1928 በደች ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ ወጣቶች ጃካርታ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ባታቪያ፣ ተሰብስበው ቃል ኪዳን ገቡ። አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ የአንድነት ቋንቋ። ለአንድነት የመረጡት ቋንቋ የብዙዎቹ የአፍ መፍቻ የሆነው ጃቫንኛ ሳይሆን፣ በወደቦችና በገበያዎች ሰው ከሰው የሚገናኝበት ማላይኛ ነበር። ስሙንም ባሃሳ ኢንዶኔዥያ አሉት። የቋንቋ ተቋሙ እስካሁን የመዘገባቸው የአገሬው ቋንቋዎች 718 ስለሆኑ፣ ምርጫው ቀላል እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የገበያ ቋንቋን የትምህርትና የሳይንስ ቋንቋ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። በ1942 ጃፓኖች ደሴቶቹን ሲይዙ ደችኛን ከትምህርት ቤትና ከቢሮ አገዱ። መምህራን በአንድ ጊዜ ፊዚክስንም ታሪክንም በኢንዶኔዥያኛ ማስተማር ግድ ሆነባቸው፤ ለዚህም ቃላት የሚያወጣ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከነፃነት በኋላ የ1945ቱ ሕገ መንግሥት ቋንቋውን የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። በ1972 የፊደል አጻጻፉ ተሻሻለ፤ በደች ልማድ በሁለት ፊደል ይጻፍ የነበረው የ«ች» ድምፅ በአንድ ፊደል ሆነ። በ1988 ታላቁ መዝገበ ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። በ2009 ደግሞ ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ቋንቋ፣ አርማና ብሔራዊ መዝሙር የወጣው 24ኛው ሕግ፣ በአንቀጽ 35 በኢንዶኔዥያ ውስጥ የሚጻፍና የሚታተም የሳይንስ ሥራ በኢንዶኔዥያኛ መሆን እንዳለበት ደነገገ። ለተለየ ዓላማ ወይም የጥናት መስክ በሌላ ቋንቋ መጻፍን አልከለከለም። መሠረቱ ግን ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጥር 2012 የመጣው።

በዚያ ወር የከፍተኛ ትምህርት ዋና ዳይሬክቶሬት ለዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንድ አጭር ሰርኩላር ላከ። የኢንዶኔዥያ የሳይንስ ጽሑፍ ብዛት ከማሌዥያ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ መሆኑን ጠቅሶ፣ ከነሐሴ በኋላ የሚመረቅ ሁሉ ማሳተም እንዳለበት አዘዘ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ በሳይንሳዊ መጽሔት፣ የማስተርስ ተመራቂ በአገር አቀፍ መጽሔት፣ የዶክትሬት ተመራቂ ደግሞ በዓለም አቀፍ መጽሔት። ትእዛዙ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው፤ በየቦታውም በእኩል አልተተገበረም። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ነጥብ የሂሳብ ነበር። በየዓመቱ ለሚመረቀው ሕዝብ የሚበቃ መጽሔት የት አለ? የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ደግሞ መምህራን የሚያወጡ በመሆናቸው ከትልልቆቹ ክፍሎች መካከል ናቸው።

መልሱ ግን ማንም ካሰበው በላይ በፍጥነት መጣ። መጽሔቱ ከሌለ ይፈጠር።

ካናዳ ውስጥ የተሠራና በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ «ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ» የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጽሔቶችም ኢንተርኔት ላይ የሚወጡት በዚሁ ነው። ጽሑፍ መቀበሉን፣ ለገምጋሚ መላኩን፣ ማረሙንና ማሳተሙን በአንድ ቦታ ይይዛል። ማተሚያ ቤት አይጠይቅም፤ ወረቀት አይጠይቅም። አንድ የትምህርት ክፍል ሰርቨርና ፈቃደኛ ወጣት አስተማሪ ካለው መጽሔት ይኖረዋል። በ2022 የታተመ ጥናት በዚህ ሶፍትዌር የሚሠሩ ከ25 ሺህ በላይ ንቁ መጽሔቶችን በዓለም ዙሪያ ሲቆጥር፣ ከአገሮች ሁሉ በብዛት ቀዳሚዋ ኢንዶኔዥያ ሆና ተገኘች። ማንም ሰው ሳይከፍል የሚያነባቸውን መጽሔቶች በሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማውጫም ከ2 ሺህ በላይ መጽሔቶች አስመዝግባ ከብሪታንያ ጋር በግንባር ቀደምትነት ቆማለች። በ2010ዎቹ መጨረሻ አካባቢም ሰርኩላሩ ያነጻጸራትን ማሌዥያን በዓመታዊ የሕትመት ቁጥር አለፈቻት።

ይህን ሁሉ ማን ሠራው? በአብዛኛው ስማቸው ያልተነገረላቸው ሰዎች። ቀን አስተምረው ማታ የሰውን ጽሑፍ ሰዋስው የሚያርሙ፣ ገምጋሚ አጥተው ስልክ የሚደዋውሉ፣ ሰርቨር ሲወድቅ ሌሊት የሚያነሡ ወጣት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች ናቸው። በ2016 «ሬላዋን ጁርናል ኢንዶኔዥያ» የሚባል የመጽሔት በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አቋቁመው ከሱማትራ እስከ ፓፑዋ ድረስ መጽሔት እንዴት እንደሚመራ ማሠልጠን ጀመሩ። በኢንዶኔዥያ የሕትመት ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ ሊመሰገን የሚገባው ሚኒስቴሩ ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

ሚኒስቴሩ ያመጣው ደረጃውን ነው። በ2017 «ሲንታ» የተባለ አገር አቀፍ የመረጃ ቋት ተመረቀ። ስሞቹ ሁሉ ከጥንታዊ ተረክ የተወሰዱ ናቸው። ሲንታ የተረኩ ጀግና የራማ ሚስት ናት። እውቅና የሚሰጠው ሥርዓት በማሃባራታው ጀግና በአርጁና ስም ይጠራል። የጽሑፎቹ መፈለጊያ ደግሞ ጋሩዳ ነው፤ የአገሪቱ አርማ ላይ ያለው ታላቅ ወፍ። በ2018 ደንብ መሠረት መጽሔቶች ከ100 ተመዝነው በስድስት ደረጃ ይከፈላሉ። 85ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሲንታ አንድ ነው፤ 30 የደፈነ ሲንታ ስድስት። እውቅናው ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ከዚያ ወዲህ በኢንዶኔዥያ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለ አንድ መጽሔት ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሲንታ ስንት ነው?» የሚለው ሆኗል።

በጎውን ነገር ሳይጠግቡ ማለፍ አይገባም። ቀድሞ ስለ ኢንዶኔዥያ ሥነ ጽሑፍ በቁም ነገር መጻፍ የፈለገ ሰው ወይ ጃካርታ፣ ሃያሲው ሐንስ ባጉዌ ጃሲን ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ሰነድ ያለበት ቦታ መሄድ፣ አለዚያም ደች አገር ላይደን ድረስ መሻገር ነበረበት። ዛሬ ካሊማንታን ውስጥ ሳማሪንዳ ካለው ሙላዋርማን ዩኒቨርሲቲ «ዲግሎሲያ» ይወጣል። ደቡብ ምሥራቅ ሱላዌሲ ካለው የቋንቋ ጽሕፈት ቤት «ካንዳይ» ይወጣል። ከማላንግ «ኬምባራ»፣ ከዮግያካርታ ከ2002 ጀምሮ «ሊቴራ» ይወጣሉ። የደሴቱን አፈ ታሪክ የሚያውቅ፣ የተማሪዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ በኢንዶኔዥያኛ ድርሰታቸው ላይ ምን ጥላ እንደሚጥል በየቀኑ የሚያይ ሰው በራሱ ከተማ የሚያትምበት ቦታ አገኘ። ጽሑፉም ማንም በነፃ የሚከፍተው ነው። በቅኝ ግዛት ሥር በነበሩ አገሮች ውስጥ በራስ ቋንቋ፣ በዚህ ብዛት፣ ያለ ክፍያ የሚነበብ ምርምር ያላቸው ስንቶች ናቸው? ይህ ያለ ጥርጥር የኢንዶኔዥያኛ ድል ነው።

ድሉ ውስጥ ግን ሦስት ስንጥቆች አሉ።

አንደኛው ከላይ የታየው ቅርጽ ነው። በሥነ ጽሑፉ በኩል ደግሞ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። አንድሬያ ሂራታ በ2005 ያሳተመው «ላስካር ፔላንጊ» ቤሊቱንግ ደሴት ላይ ስላሉ ድሆች ልጆችና ትምህርት ቤታቸው የሚተርክ፣ በጣም የተወደደ ልብወለድ ነው። ብዙ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ መጽሐፍ ላይ ሠርተዋል። የተለመደው ርእስ «በልብወለዱ ውስጥ ያሉ ትምህርታዊ ፋይዳዎች» የሚል ነው። ተማሪው መጽሐፉን እያነበበ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ መተባበርና ሃይማኖተኛነት የታዩባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ነቅሶ ያወጣል፤ በሠንጠረዥ ይደረድራል፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር ይዛመዳል ብሎ ይደመድማል። ገጸ ባሕርይ፣ ቋንቋ፣ የትረካው አንጻር፣ ደራሲው ዝም ያለበት ቦታ አይነኩም። መጽሐፉ የፋይዳ ጎተራ ይሆናል። ከሁሉ በላይ የቀረው ግን ተማሪው ነው። የ15 ዓመት ልጅ ይህን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ሲያነብ ምን ይገጥመዋል? የት ይሰለቻል፣ የት ይነካል፣ የት ይሳሳታል? ስለ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ለመመለስ ወራት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ስለሚጠይቅና የምረቃው ቀን ስለማይጠብቅ ሳይነካ ያልፋል።

ቅርጹን የሚያጠብቁት የመጽሔቶቹ መመሪያዎች ናቸው። ጽሑፍ የሚልክ ሰው አስቀድሞ የመጽሔቱን የተዘጋጀ ቅጽ ያወርዳል። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት፣ ማጠቃለያ። አኅጽሮተ ጥናት በሁለት ቋንቋ። የመመሳሰል ፍተሻ። ከዚያ ብዙ መጽሔቶች ላይ የሚገኝ አንድ ሕግ አለ። ከዋቢዎቹ 80 በመቶው የምርምር ጽሑፎች እንዲሆኑና ካለፉት 10 ዓመታት እንዲወሰዱ ይጠይቃል። ይህ ለሕክምና ወይም ለኮምፒውተር ይሠራ ይሆናል። ለሥነ ጽሑፍ ግን ጉዳት ነው። ማራ ሩስሊ «ሲቲ ኑርባያ» የተባለውን ልብወለድ ያሳተመው በ1922 ነው። ደራሲው ሱታን ታክዲር አሊሻባና ስለ ቋንቋው የተከራከረውና ጃሲን ዘመኑን ያሄሰው ከአሥርት ዓመታት በፊት ነው። በዚህ መመሪያ የሚሠራ ተማሪ ጃሲንን ራሱን ከማንበብ ይልቅ ጃሲንን የጠቀሰ የትናንት ጽሑፍ እንዲፈልግ ይገፋፋል። እንዲህ እየተጠቀሰ የሄደ ሐሳብ እንደተቀዳ የድምፅ ካሴት ነው፤ በየቅጂው ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማንሣት ተገቢ ነው። ስለ ኢንዶኔዥያ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከተሠሩ ጥናቶች ሁሉ የአገሪቱን ጆሮ ያቆመው የየትኛውም መጽሔት ደረጃ የሌለው ነበር። ገጣሚው ታውፊክ ኢስማኢል በትምህርታቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በ1997 ከ13 አገሮች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ ሰዎችን እየጠየቁ አንድ ነገር ብቻ መዘገቡ። በትምህርት ቤት ሳላችሁ ስንት የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ አንብባችሁ ተወያይታችሁ ጻፋችሁ? ከአሜሪካ 32፣ ከፈረንሳይና ከኔዘርላንድስ 30፣ ከጃፓን 15፣ ከማሌዥያና ከሲንጋፖር 6፣ ከታይላንድ 5 የሚል መልስ አገኙ። በደች ዘመን የነበረው የኢንዶኔዥያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 25 ነበረው። የነፃዋ ኢንዶኔዥያ መልስ ዜሮ ሆነ። «የዜሮ መጽሐፍ መከራ» ብለው ጠሩት።

አሠራሩን የሚተች ባለሙያ ብዙ ጉድለት ያገኝበታል። የተጠየቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከአንድ አገር አንድ ትምህርት ቤት አገሩን ሁሉ አይወክልም። ቢሆንም ያ ቁጥር ከ25 ዓመት በላይ ሲጠቀስ ኖሯል፤ ደራሲዎች ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ከተማሪዎች ጋር እንዲወያዩ ያደረገ ዘመቻም አስከትሏል። የሠራው አንድ ነገር ስለነበረው ነው። ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበር፤ የተነገረውም ለመምህሩና ለወላጁ በሚገባ ቋንቋ ነበር።

ሁለተኛው ስንጥቅ ቋንቋው ነው፤ ከሦስቱም ይህ የበለጠ ያሳስባል። በ2019 በወጣው የዩኒቨርሲቲ መምህራን የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ ስመ ጥር በሆነ ዓለም አቀፍ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ እስከ 40 ነጥብ ያስገኛል። ከፍተኛ እውቅና ባለው የአገር ውስጥ መጽሔት የወጣ 25፣ እውቅና በሌለው 10። «ዓለም አቀፍ» ለመባል ደግሞ መጽሔቱ ከተባበሩት መንግሥታት ይፋዊ ቋንቋዎች በአንዱ መታተም አለበት። ኢንዶኔዥያኛ ከእነዚያ ውስጥ የለም። በ2017 የወጣው ደንብ በበኩሉ በሦስት ዓመት ውስጥ የተወሰነ ዓለም አቀፍ ሕትመት ያላስገባ ፕሮፌሰር የክብር አበሉ እንዲታገድ ፈቀደ። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ስለ ኢንዶኔዥያኛ ማስተማር የተጻፈ እጅግ የበሰለ ጥናት በኢንዶኔዥያኛ ስለተጻፈ ብቻ ነጥቡ ይወርዳል።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ትንሽ ቃል ይታያል። በኢንዶኔዥያኛ «ዲ» የምትባል ቃል አለች። ቦታን ስታመለክት ለብቻዋ ትጻፋለች፤ «ዲ ሩማህ» ማለት እቤት ማለት ነው። ግሥ ላይ ስትመጣ ግን ተያይዛ ትጻፋለች፤ «ዲባቻ» ማለት ተነበበ፣ ይነበባል ማለት ነው። በንግግር ልዩነታቸው ስለማይሰማ ተማሪው በድርሰቱ፣ ነጋዴው በማስታወቂያው፣ ባለሥልጣኑም በደብዳቤው ይሳሳታሉ። መምህራን ሁሉ የሚታገሉት ስሕተት ነው። በዚህ ላይ የሚጻፍ ጥናት በኢንዶኔዥያኛ ቢሆን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ልጁ ለምን ይሳሳታል፣ እንዴት ይታረማል ወደሚለው መግባት ይችላል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ገጹ የሚያልቀው ማንኛውም የኢንዶኔዥያ ልጅ የሚያውቀውን ለባዕድ አንባቢ በማስረዳት ነው። ስሕተቱን የሚያርመው መምህር ደግሞ ጽሑፉን አያነበውም። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነገር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በተካፈለችበት የ1955ቱ የእስያና አፍሪካ ጉባኤ ስሟ የሚታወቀው ባንዱንግ ከተማ ያለው የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ከ2011 ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚያወጣው የተግባራዊ ሥነ ልሳን መጽሔት በዓለም ፊት የቆመ ነው። ለዓለም የሚነገረውን ለዓለም መንገር ተገቢ ነው። ለመምህሩ የሚነገረውን ለዓለም ነግሮ መምህሩን መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ኅዳር 2023 የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ ኢንዶኔዥያኛን አሥረኛው የጉባኤ ቋንቋ አድርጎ ተቀበለ። በኢንዶኔዥያ ትልቅ ደስታ ሆነ፤ ሊሆንም ይገባዋል። በዓለም የትምህርትና የሳይንስ ድርጅት መድረክ የቆመ ቋንቋ በራሱ አገር የነጥብ ሠንጠረዥ ላይ ከ40ው ረድፍ ውጪ መሆኑ ሊቀጥል የማይገባው ነገር ነው።

ሦስተኛው ስንጥቅ ገንዘብና ሐሰት ነው፤ ብዙ ስለተባለበት እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም። ግዴታ ባለበት ገበያ ይፈጠራል። መጽሔቶች የማሳተሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ለተማሪ የሚከብድም አለ። ስም ለመጨመር የሚከፍሉ፣ ጥናቱን ለሌላ ሰው አስጽፈው በራሳቸው ስም የሚያወጡ አሉ። ለሌላ የሚጽፈውን ሰው ኢንዶኔዥያውያን «ጆኪ» ይሉታል፤ የሌላ ሰው ፈረስ እንደሚጋልበው ጋላቢ። «ኮምፓስ» ጋዜጣ በ2023 መጀመሪያ በዚህ ላይ ሰፊ የምርመራ ዘገባ አውጥቶ አገሪቱን አነጋግሯል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕትመት ክፍል ውስጥ ምን አመጣ? በቀጥታ መለካት አይቻልም። አንድ ሊዘለል የማይችል ቁጥር ግን አለ። የ15 ዓመት ተማሪዎችን የማንበብ ችሎታ በሚለካው የፒሳ ዓለም አቀፍ ፈተና ኢንዶኔዥያ በ2012፣ ሰርኩላሩ በወጣበት ዓመት፣ 396 ነጥብ ነበራት። በ2018 ወደ 371 ወረደች፤ በ2022 ወደ 359። መጽሔቶቹ አወረዱት ማለት አይቻልም። በእነዚያ ዓመታት ቀድሞ ከትምህርት ውጪ የነበሩ ብዙ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ በኮቪድ ምክንያትም ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ነገር ግን ማንበብና መጻፍን ማስተማር ላይ በአገሪቱ ታሪክ ከምንጊዜውም በላይ በተጻፈበት አሥር ዓመት የልጆቹ ማንበብ አልተሻሻለም። በሺህ ጽሑፎች ውስጥ «ውጤቱ ከፍ አለ» ከተባለ፣ ከፍታው ከክፍሉ ወጥቶ ለምን እንዳልታየ የመስኩ ሰዎች ራሳቸው መጠየቅ አለባቸው።

ለውጥ እየመጣ ነው። ነሐሴ 2023 በዚያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ናዲም ማካሪም አዲስ ደንብ ይፋ አደረጉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የግድ የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ፕሮጀክት ወይም ሌላ ሥራ ሊተካው ይችላል። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎችም የመመረቂያ ሥራቸው እንዳለ ቢሆንም መጽሔት ላይ የማሳተም አገር አቀፍ ግዴታው ቀረላቸው፤ ውሳኔው ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተመለሰ። የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች ይህን እንደ ትልቅ ዕድል ሊያዩት ይገባል። አንድ ዕጩ መምህር ሌላ የፋይዳ ሠንጠረዥ ከሚሠራ አንድ ልብወለድ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ጋር እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ የሆነውን እንደሆነ ቢጽፍ ይሻላል።

የዚህ አጣዳፊነት ከወራት በኋላ ታየ። ግንቦት 20 ቀን 2024 ሚኒስቴሩ «ሥነ ጽሑፍ ወደ ሥርዓተ ትምህርት ይግባ» በሚል መርሐ ግብር 177 የተመረጡ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍትን ለትምህርት ቤቶች አቀረበ። ታውፊክ ኢስማኢል ዜሮ ብለው ከጮኹ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣ ዝርዝር ነው። አብሮት የወጣው የመምህራን መመሪያ ግን በስሕተቶቹና መጻሕፍቱን ባስተዋወቀበት መንገድ ብርቱ ትችት ስለገጠመው ለእርማት ተመለሰ። በክርክሩ ውስጥ የተነሡት ጥያቄዎች የክፍል ጥያቄዎች ነበሩ። ለየትኛው ዕድሜ የትኛው መጽሐፍ? ግፍና ፆታዊ ጉዳይ ያለበት ታሪክ እንዴት ይነበባል? መምህሩ ራሱ ያላነበበውን እንዴት ያስተምራል? በመጽሔቶቹ ውስጥ መልስ መገኘት የነበረበት ለእነዚህ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ነገር ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም። የዋቢ ዕድሜ ሕጉ ከሥነ ጽሑፍ ላይ ይነሣ። ሁለተኛው ዙርም አልሠራም የሚል የመምህር ጥናት በክብር ይታተም፤ ለቀጣዩ መምህር ከመቶ «ተሻሻለ» የሚበልጥ ትምህርት አለው። መጽሔቶቹን ሌሊት የሚያስተዳድሩ ወጣቶች ሥራቸው እንደ ሥራ ይቆጠርላቸው። የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ትምህርት ላይ በኢንዶኔዥያኛ ለተጻፈ የበሰለ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ለተጻፈው የሚሰጠው ነጥብ ይሰጠው። ለዚህ አዲስ ሕግ ማውጣት እንኳ አያስፈልግም። የ2009ኙ ሕግ አንቀጽ 35 ተጽፎ ተቀምጧል፤ የነጥብ ሠንጠረዡን ከእሱ ጋር ማስታረቅ ብቻ ነው የቀረው።